የጉባኤው ገንዘብ ከማን ኪስ ይወጣል?

አንዲት እናት ልጆቿን አሻሽላ ለማስተማር ስትል ራሷ ለመማር ብትነሣ፣ ለዚሁ የምታወጣው ገንዘብ ለማን እንደ ወጣ ይቈጠራል? ለራሷ ነውን? ለልጆቿ ነውን? ወይስ ጉባኤው መንፈሳዊ ከሆነ ለእግዚአብሔር ነው? ይህ ጥያቄ በመጀመሪያ ሲሰሙት የገበያ ሒሳብ እንጂ የግብረ ገብ ጉዳይ አይመስልም። ነገር ግን ጠጋ ብለው ሲመረምሩት፣ ሰው መልካም ያለውን ሥራ በሌላ ሰው ገንዘብ ሊሠራ ይገባዋልን የሚለውን የቈየ ጥያቄ በውስጡ ይዞ ይገኛል። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ አብዛኞቻችሁ ገና ቤት አላቆማችሁም፤ ቢሆንም ያደጋችሁበት ቤት በየወሩ ይህን ጥያቄ ሲመልስ ኖሯል፤ እናንተ ግን በልጅነታችሁ ሳታስተውሉት አልፋችሁ ይሆናል።

ልጅን በቤት ማስተማር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመምጣቱ በፊት የክርስቲያን ልጅ ፊደል የሚቈጥረው ከየኔታ ዘንድ ነበረ፤ ከየኔታም በፊት የመጀመሪያውን ጸሎትና የመጀመሪያውን ተረት የሚሰማው ከእናቱ አፍ ነበረ። በሌላው ዓለም ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አስቀርተው ትምህርቱን በሙሉ በቤት የሚሰጡ ወላጆች አሉ። በእኛ ዘንድ ይህ የተለመደ አይደለም፤ እኔም የምናገረው ስለ እነርሱ አይደለም። የምናገረው ልጆቿን ቀን ወደ ትምህርት ቤት ልካ፣ ማታ በመብራት ዙሪያ ሰብስባ ንባብ ስለምታስነብብ፣ ሒሳብ ስለምታርምና ቅዱሳት መጻሕፍትን ስለምታስጠና እናት ነው። ብዙ እናቶች ይህን ሥራ በግድ የለመዱት በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ ነበር፤ ይሁን እንጂ ራዲዮ ይናገራል እንጂ አይሰማም። የልጁን ስሕተት የሚሰማ ሰው ከአጠገቡ ያስፈልግ ነበር፤ ያም ሰው በብዙ ቤት እናቲቱ ሆነች። ልታስተምር በተቀመጠችም ጊዜ፣ ማወቅና ማሳወቅ ሁለት ልዩ ልዩ ሙያዎች መሆናቸውን ተረዳች። እኔ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ብዙ ዓመት ቆሜ የተማርኩትን እርሷ በአንድ ክረምት ደረሰችበት።

በእንግሊዝ አገር ሻርሎት ሜሰን የምትባል መምህርት እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ዓመታት የወላጆችን ማኅበር ያቋቋመችው ይህንኑ አስተውላ ነው። የማኅበሩ ወላጆች እየተሰበሰቡ ስለ ልጆች አስተዳደግና ትምህርት ይወያዩ ነበር። በእኛም አገር አብያተ ክርስቲያናት እናቶችንና የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎችን ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ሰብስበው ያስተምራሉ። እንዲህ ያለው ጉባኤ ዛሬ ጭሮ በሚባለው በአሰበ ተፈሪ ሲሆን ለሚኤሶ ሰው መንገዱ ቀላል ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል። በአዳማ ወይም በአዲስ አበባ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል፤ ጥያቄያችንም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

በሚኤሶ የምትኖር አንዲት እናት አለች እንበል። ሚኤሶ የመንገድ ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የቀድሞው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲገባ በሚኤሶ በኩል አልፏል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውም አዲሱ ሐዲድ እንደዚሁ በዚያው በኩል ያልፋል። በመኪናውም መንገድ የጭነት ሾፌሮች ይቆማሉ። ይህች እናት ለመንገደኛ ሻይና ዳቦ ትሸጣለች፤ ባሏ የወር ደመወዝተኛ ነው፤ ሦስት ልጆች አሏት። የመንገድ ገበያ እንደ መንገደኛው ነው፤ አንድ ቀን ዳቦው ከረፋዱ በፊት ያልቃል፣ ሌላ ቀን ሳይነካ ያድራል። እንግዲህ በአዳማ የሁለት ቀን ጉባኤ ሊደረግ ነው ሲባል ሰማች፤ አምስት ወር ቀርቶታል። ልቧም ተነሣ።

ደብተር አወጣችና ጻፈች። ዋጋ ከቀን ወደ ቀን ስለሚለዋወጥ ቍጥሩን ለምሳሌ ብቻ እንውሰደው። ለመመዝገቢያ 500 ብር፣ ለደርሶ መልስ መሳፈሪያ 1,000 ብር፣ ለሦስት ሌሊት ማደሪያ 1,800 ብር፣ ለምግብ 900 ብር፤ ድምሩ 4,200 ብር ሆነ። ይህን ለአምስት ወር ቢያካፍሉት በወር 840 ብር ነው። «እችለዋለሁ» አለች፤ ደስም አላት።

ነገር ግን ያልጻፈችው አለ። በጉባኤው ላይ መጻሕፍት ይሸጣሉ፤ ለመማር የሄደች ሴት ባዶ እጇን አትመለስም፤ 800 ብር እንበል። ከመሄጃዋና ከመመለሻዋ ጋር አራት ቀን ሻዩ አይፈላም፤ የሚቀርባት ትርፍ 1,000 ብር ቢሆን ብዙ አይደለም። ሕፃናቱን ለምትጠብቅላት ሴት 400 ብር፤ መኪና ቢበላሽ ወይም ልጅ ቢታመም ብላ የምትይዘው 600 ብር። ይህ ሁሉ 2,800 ብር ሲሆን፣ ከመጀመሪያው ጋር ሲደመር 7,000 ብር ይሆናል። በወር 1,400 ብር ማለት ነው። እርሷ የምትችለው ግን 840 ብር ብቻ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። 2,800 ብሩ በደብተሩ ላይ ስላልተጻፈ ሳይከፈል አይቀርም። ሰው የረሳውን ወጪ ገበያ አይረሳለትም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የተጻፈውን የሚከፍለው የጻፈው ሰው ሲሆን፣ ያልተጻፈውን የሚከፍለው ግን ብዙውን ጊዜ መጻፍ የማይችል ወይም እንቢ ለማለት የማይችል ሰው ነው። ሕፃናቱን የምትጠብቅ ሴት የሚከፈላት ካጣች፣ የ11 ዓመቷ ታላቂቱ ልጅ አራት ቀን ከትምህርት ቤት ትቀራለች። እናቲቱ የሄደችው ልጆቿን ማስተማር ልትማር ነበር፤ የትምህርቱን ዋጋ ግን በትምህርቷ የከፈለችው ልጂቱ ሆነች። ይህንን ማንም በክፋት አላደረገውም፤ ልጂቱም አላጕረመረመችም፤ እንዲያውም እናቷን ስለ ረዳች ጎረቤት አመሰገናት ይሆናል። በአራተኛው ቀን ግን በክፍሏ ውስጥ የክፍልፋይ ትምህርት አልፏል። አስተማሪ ሆኖ ያላየ ሰው ይህን እንደ ትንሽ ነገር ይቈጥረዋል፤ እኔ ግን በክፍልፋይ ትምህርት ሳምንት ቀርተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ሒሳብን የሚፈሩ ልጃገረዶችን አውቃለሁ።

ሁለተኛው ከፋይ የዕቁቡ ማኅበርተኛ ነው። የሻይዋ ትርፍ የዕቁብ መጣያዋ ነበረና፣ አራት ቀን ሻይ ካልፈላ የዚያ ሳምንት ዕቁብ ይጐድላል። ዕጣዋን አስቀድማ በልታ እንደ ሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ ዳኛው ተያዡን ይጠራል፤ ተያዡም ምናልባት በእምነትም በጉባኤም ከማይገናኛት ሰው አንዱ፣ ጨውና ስኳር የሚሸጥ ጎረቤቷ ነው። ይህ ሰው ሳያውቅ የአዳማን ጉባኤ ወጪ ተካፈለ ማለት ነው። ሦስተኛዋ ከፋይ በቤት ውስጥ የምታገለግል ልጅ ካለች እርሷ ናት፤ ደመወዟ «በሚቀጥለው ወር» ይባላል። ባለዕዳ ሁሉ ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚያስቀረው የማይከሰውን ሰው ገንዘብ ነው።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፤ የጉባኤው ዓላማ ቅዱስ መሆኑ የእነዚህን ሰዎች ገንዘብ የእርሷ ያደርገዋልን?

ብዙ ክርስቲያኖች ይህን ጥያቄ በግልጽ ቢጠየቁ «አያደርገውም» ይላሉ። በሥራቸው ግን «ያደርገዋል» ብለው ይኖራሉ። ይህም አዲስ በሽታ አይደለም። በወንጌል እንደምናነበው፣ በዚያን ዘመን አንዳንድ ሰዎች ለአባትና ለእናታቸው መጦሪያ የሚገባውን ገንዘብ «ቁርባን ነው» ብለው ለእግዚአብሔር ይሰይሙና ወላጆቻቸውን ያስርቡ ነበር። ጌታም ይህን አድራጎት አጥብቆ ነቀፈው። የነቀፈው መሥዋዕትን ማቅረብ አልነበረም፤ የወላጅ የሆነውን ወስዶ በመሥዋዕት ስም መጥራቱን ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሁለት ሳንቲም የሰጠችውን መበለት አመስግኗታል። ሰባኪዎች ይህን ታሪክ ሲያወሱ ሁልጊዜ ስለ ገንዘቡ ማነስ ይነግሩናል፤ የገንዘቡ ባለቤት እርሷው መሆኗን ግን እምብዛም አያነሡልንም። ከጎረቤቷ ሁለት ሳንቲም ተበድራ ጥላ ቢሆን ኖሮ፣ ታሪኩ በወንጌል ሊጻፍ መቻሉን እጠራጠራለሁ።

«እምነት ካለሽ እግዚአብሔር ያዘጋጃል፤ ሒሳብ የሚበዛው እምነት ሲያንስ ነው» የሚሉ አይጠፉም። በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ይህን አነጋገር ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀሰውም አብዛኛውን ጊዜ ጆርጅ ሙለር ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1836 በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ የመጀመሪያውን የሙት ልጆች ቤት ከፈተ፤ ከሰውም ሳይለምን በጸሎት ብቻ ብዙ ልጆችን አሳደገ ይባልለታል። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ታሪኩን የሚተርኩልን ሰዎች ሁለት ነገር ዘለው ያልፋሉ። አንደኛው፣ ሙለር ለልጆቹም ቢሆን ዕዳ እንዳይገባ አጥብቆ ይጠነቀቅ ነበር፤ ገንዘቡ ሳይመጣ ዕቃው አይገዛም። ሁለተኛው፣ የገባውንና የወጣውን በዝርዝር እየጻፈ በየዓመቱ አሳትሞ ለሕዝብ ያወጣ ነበር። ይህን ያህል የጸለየ ሰው ይህን ያህል ከጻፈ፣ ጸሎትን ለሒሳብ ምትክ ማድረግ ከእርሱ የተማርነው አይደለም።

በዚህ ነገር ከጎረቤቶቻችን ብንማር አያሳፍረንም። በሚኤሶና በአካባቢዋ አብዛኛው ሕዝብ እስላም ነው፤ ወደ መካ ሄዶ ሐጅ ማድረግም የብዙዎቹ ምኞት ነው። ነገር ግን ሐጅ ግዴታ የሚሆነው ለቻለ ሰው ብቻ መሆኑን፣ መቻል ማለትም መሳፈሪያ ማግኘት ብቻ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ዕዳ ያለበት ዕዳውን አስቀድሞ መክፈል አለበት፤ እስኪመለስም ድረስ ቤተ ሰቡ የሚተዳደርበትን ትቶ መሄድ አለበት። በእኛ ወገን ደግሞ በታኅሣሥ 19ና በሐምሌ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚወጣውን ሕዝብ አስቡ። ከዚያ ውስጥ ስለቱን ዓመት ሙሉ ቈጥቦ ይዞ የሚሄድ አለ፤ በአራጣ ተበድሮ የሚሄድም አለ። በመንገዱ ላይ አንድ ዓይነት አቧራ ለብሰው ስናያቸው አንለያቸውም። የሚለዩት ከበዓሉ በኋላ፣ አበዳሪው በር ሲያንኳኳ ነው።

ስለ ቤት ትምህርት ከተነሣ፣ ከጥንት እናቶች መካከል በክርስቲያኑ ዓለም እጅግ የታወቀችው ሱዛና ዌስሊ ናት፤ የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሥራች የጆን ዌስሊ እናት። ኤፕዎርዝ በምትባል የእንግሊዝ የገጠር ከተማ ልጆቿን ራሷ በቤቷ ታስተምር ነበር፤ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት፣ እንደ ትምህርት ቤት ሥርዓት። ባሏ ሳሙኤል የዚያች ደብር ቄስ ነበረ፤ የተማረ፣ ቅን፣ ግን ገንዘብ መያዝ የማይችል ሰው። እ.ኤ.አ. በ1705 ከ30 ፓውንድ በማያልፍ ዕዳ ተከሶ በሊንከን እስር ቤት ገባ። ሱዛና ሌላ የምትልክለት ብታጣ ቀለበቶቿን ላከችለት፤ እርሱም አልተቀበለም፤ መለሰላት። አንድ ሊቀ ጳጳስ ስለ ችግራቸው ሲጠይቃት፣ እንጀራ ፈጽሞ አጥተን አናውቅም፤ ነገር ግን እርሱን ለማግኘትና ዋጋውን ለመክፈል ያየነው ጭንቀት እንጀራውን አምርሮብናል የሚል መልስ ሰጠች ይባላል።

ይህ ሰው እንዲህ ባለ ዕዳ ውስጥ ሳለ፣ በለንደን ለሚደረገው የካህናት ጉባኤ ተወካይ ሆኖ ይሄድና ለብዙ ጊዜ ይቆይ ነበር። ጉባኤው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ነው፤ የሚነጋገሩበትም ጉዳይ መንፈሳዊ ነው። ወጪውን የተሸከመው ግን በኤፕዎርዝ ያለው ቤት ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1711 መጨረሻና በ1712 መጀመሪያ እርሱ በለንደን ሳለ፣ ሱዛና በእሑድ ማታ ለልጆቿና ለአገልጋዮቿ በቤቷ ታነብብ ጀመር፤ ጎረቤት ሰማ፤ ሌላውም መጣ፤ በመጨረሻ የሚሰበሰበው ሰው ከ200 በላይ ሆነ። ባሏ ከጉባኤው ያመጣውን ትምህርት ዛሬ የሚያስታውስ ሰው አላውቅም። በወጥ ቤት የተደረገውን ግን ዓለም ያወሳዋል። ይህን የምለው ጉባኤ ከንቱ ነው ለማለት አይደለም፤ ለጉባኤ የሚወጣው ገንዘብና ከጉባኤ የሚገኘው ጥቅም በአንድ ሚዛን የማይሄዱበት ጊዜ እንዳለ ለማሳየት ነው።

እስከዚህ ድረስ የጻፍሁትን ያነበበ አንዳንድ ባል «እንዲያ ነው! እናት ቤቷ ትቀመጥ» ብሎ ሊደሰት ይችላል። አይደሰት። በሌላው ወገን ያለው ስሕተት ከዚህ አይተናነስም። ብዙ እናቶች ለራሳቸው አንድ ብር ማውጣት እንደ ስርቆት ሆኖ ይታያቸዋል። ለልጁ ደብተር፣ ለባል ጫማ፣ ለእንግዳ ቡና ሲወጣ ኅሊናቸው አይወቅሳቸውም፤ ለራሳቸው መጽሐፍ መግዛት ግን ከልጅ አፍ እንደ መንጠቅ ይመስላቸዋል። ይህ ትሕትና ይባላል፤ እኔ ግን የሒሳብ ስሕተት እለዋለሁ። ገበሬ ዶማውን ሲያስል የዋለበትን ቀን ከሥራ ቀን ይቈጥረዋል እንጂ ከዕረፍት አይቈጥረውም። ልጆቿን ለምታስተምር እናት ዶማዋ እውቀቷ ነው። አንዲት እናት ልጅ ማንበብን ሲለምድ ለምን እንደሚደናቀፍ ብትረዳ፣ ያ መረዳት ለሦስቱም ልጆቿ ይተርፋል፤ ለጎረቤትም ልጅ ይተርፋል።

ደግሞም ፍርድ ከተነሣ ለሁሉም እኩል ይሁን። በሐረርጌ ምድር ስንኖር፣ የብዙ አባቶች የጫት ገንዘብ በየቀኑ ከቤት ሲወጣ ማንም ደብተር ከፍቶ «ይህ ለማን ወጣ?» ብሎ እንደማይጠይቅ እናውቃለን። በቀን ትንሽ ነው ይባላል። ያን «ትንሽ» በ30 ቀን፣ ቀጥሎም በአምስት ወር አባዙት። የእናቲቱ 7,000 ብር በጉባኤ ፊት እንደ ወንጀለኛ ቆሞ ሲመረመር፣ ከእርሱ የሚበልጠው ገንዘብ በየከሰዓቱ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ያልፋል። የቤት ሒሳብ የሴቲቱን ወጪ ብቻ የሚያይ ከሆነ ሒሳብ አይባልም፤ ክስ ነው።

ሌላም አንድ ነገር በግልጽ እናገራለሁ። ከእነዚህ እናቶች ብዙዎቹ ወደ ጉባኤ የሚሄዱት ለትምህርቱ ብቻ አይደለም። ሦስት ሌሊት ሕፃን ሳያስነሣቸው ለመተኛት፣ ያልሠሩትን ምግብ ለመብላት፣ የሩቅ እኅቶቻቸውን አግኝተው ለመሳቅም ይሄዳሉ። ይህን መሻት ኀጢአት የሚለው ማን ነው? ዕረፍትን ያዘዘ እግዚአብሔር ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ዕረፍቱ በትምህርት ስም ሲጻፍ ነው። በደብተሩ ላይ ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለዕረፍቴ ይህን ያህል ብላ ብትጽፍ፣ ባሏም እርሷም ምን እንደ ገዙ ያውቃሉ፤ ምናልባትም ዕረፍቱን በአሰበ ተፈሪ እኅቷ ቤት ሁለት ቀን በማሳለፍ በትንሽ ገንዘብ ታገኘው ይሆናል። ሁሉን በእግዚአብሔር ስም ከጻፈችው ግን ማንም ሊጠይቃት አይደፍርም፤ እርሷም ራሷን መጠየቅ ታቆማለች። የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ መጥራት በመሐላ ብቻ አይደለም፤ በሒሳብ ደብተርም ይቻላል።

ስለ ሒሳብ ደብተር ከተናገርን፣ በዚህ በእኛው አገር የኖሩ አንድ ሰው ማንሣት ተገቢ ነው። በአሰበ ተፈሪ ተቀምጠው ጨርጨርን ያስተዳድሩ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በኋላ በጅሮንድ ተብለው የገንዘብ ሚኒስትር ሆነዋል፤ በ1923 ዓ.ም. የታወጀውንም የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። በዚያ ሕገ መንግሥት ውስጥ፣ የመንግሥት ገቢ ለየሚኒስቴሩ አስቀድሞ በዓመት በጀት ከተወሰነለት በቀር እንዳይወጣ የሚያዝዝ አንቀጽ ነበረበት። ይህ ደንብ ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበረ። ከዚያ በፊት የጌታው ኪስና የመንግሥቱ ግምጃ ቤት የት ላይ እንደሚለያዩ በጽሑፍ ተወስኖ አያውቅም ነበር፤ ጌታው ለበጎ ነገር እስከ ሰጠ ድረስ ከየት አምጥቶ እንደ ሰጠ የሚጠይቅ አልነበረም። በጀት ማለት እንግዲህ ቍጠባ ብቻ አይደለም። ልብ በሚሞቅበት ጊዜ እጅ የማይነካውን፣ ልብ ረጋ ባለበት ጊዜ አስቀድሞ መለየት ነው።

የሐረርጌ ገበሬ ይህን ያውቀዋል። ማሽላውን በጉድጓድ አስቀምጦ አፉን ይመርግበታል፤ እንግዳ በመጣ ቍጥር አይከፍተውም፤ በተከፈተ ቍጥር እርጥበትና ተባይ ይገባበታልና። ለእንግዳው የሚሰጠው በደጅ ካለው ነው። የእኛም እናት በደብተሯ ላይ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ያስፈልጋታል፤ የዕቁቡ መጣያ፣ የዕድሩ መዋጮ፣ የአገልጋዪቱ ደመወዝ፣ የልጂቱም የትምህርት ቀኖች እዚያ ይመረጋሉ። እነዚህ ከተነሡ በኋላ የሚቀረው የእርሷና የባሏ ነው፤ በእርሱ ላይ ተመካክረው አዳማም ቢሄዱበት አዲስ አበባም ቢሄዱበት ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም።

የሚቀረው ካልበቃስ? በምሳሌያችን አልበቃም፤ በወር 840 ብር 7,000 ብር አይሆንም። ከዚህ ላይ ብዙዎች ያላቸው ምርጫ ሁለት ብቻ ይመስላቸዋል፤ ተበድሮ መሄድ ወይም አዝኖ መቅረት። አራት እናቶች ቢሰባሰቡ ግን ሦስተኛ መንገድ አለ። ዕጣ ተጥሎ አንዲቱ ትሄዳለች፤ ሦስቱ ሻይዋን ተራ በተራ ያፈላሉ፣ ልጆቿንም ይጠብቃሉ፤ ታላቂቱ ልጅ ትምህርት ቤቷን ትውላለች። ስለዚህ የሚቀርባት ትርፍ 1,000 ብርና የጠባቂዋ 400 ብር ከሒሳቡ ይወጣሉ፤ 5,600 ብር ይቀራል። ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዷ 1,400 ብር፣ በወርም 280 ብር ይደርሳል። በ800 ብር የተገዙት መጻሕፍት የአራቱም ናቸው፤ ተራ በተራ ይነበባሉ። የሄደችውም የሰማችውን ሁሉ በደብተር ጽፋ ትመጣለች እንጂ «ደስ የሚል ነበር» ብላ አታልፍም፤ አራት ማታ ለሦስቱ ታስተምራለች፤ እግረ መንገዷንም ማስተማሩን ትለምደዋለች። በሚቀጥለው ዓመት ዕጣው ከቀሩት በአንዲቱ ላይ ይወጣል። መሳፈሪያው በዚያን ጊዜ ጨምሮ ቢገኝ ልዩነቱን አራቱ እኩል ይከፍሉት ወይስ የምትሄደው ብቻዋን ትክፈለው የሚለውን ግን፣ ዕጣው ከመጣሉ በፊት ተነጋግረው ቢጽፉት ይሻላል።